የመንገድ ችካል እርሻችን መሐል ተተክሏል፤ ንብረት ቆጣሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ምን እናዘጋጅ?

የሞረት_ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የእናታችን ይዞታ ላይ የአስፋልት መንገድ ችካል ተተክሏል። ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ «ቆጣሪዎች ይመጣሉ፣ ተዘጋጁ» ብሏል፤ በጽሑፍ የደረሰን ነገር ግን የለም።

መሬቱ አራት ጥማድ ግድም ነው፤ ጥቁር መረሬ አፈር፣ ስንዴ፣ ጤፍና ምስር እየተፈራረቀ የሚዘራበት። መንገዱ በሰያፍ ስለሚቆርጠው ከታች በኩል ሦስት ማዕዘን የሆነች ቁራሽ ትቀራለች። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ አለ፤ አንድ ጊዜ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠ ነው። የድንጋይ ቤት ከነማድ ቤቱና ከነበረቱ፣ ዙሪያውን ደግሞ የድንጋይ ካብ አለ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በእናታችንና በአባታችን ስም ነው፤ አባታችን አርፈዋል።

አይሆንም ብንል መንግሥት መውሰድ ይችላል ወይ? ካሳው በምን ይሰላል? ቆጣሪዎቹ ሲመጡስ ምን ይዘን እንጠብቅ? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱን።

ሕግ_አዋቂ

ከመጀመሪያው ልጀምር። አዎ፣ ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እናታችሁ ያላቸው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ መሬቱ ላይ ያፈሩት ንብረት ግን የራሳቸው የግል ሀብት ነው። በዚያው አንቀጽ ንዑስ 8 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት መውሰድ እንደሚችል ተጽፏል፤ ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። «በቅድሚያ» የምትለውን ቃል አስምሩባት። መንገድ ደግሞ የሕዝብ ጥቅም አይደለም ብሎ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማስፈጸሚያው በደንብ ቁጥር 472/2012 ነው። የድሮው 455/1997 ተሽሯል። ይህን የምለው እስከ ዛሬ «የአሥር ዓመት ካሳ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው፤ አሥር ዓመት የአሮጌው ሕግ ስሌት ነው።

ሒደቱ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማወያየት ግዴታ ነው፤ አስቸኳይ ሲሆን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ከዚያ የመሬቱና የንብረቱ መረጃ ይሰበሰባል፣ ካሳው ተሰልቶ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይደርሳል፣ ክፍያው በሦስት ወር ውስጥ መፈጸም አለበት። በሦስት ወር ካልተከፈለ መሬቱን በቀድሞው አገልግሎቱ መጠቀም ትችላላችሁ። ገንዘቡን ወይም ምትክ መሬቱን ከተቀበላችሁ በኋላ ለመልቀቅ 120 ቀን አላችሁ፤ ንብረት የሌለበት ባዶ መሬት ከሆነ 30 ቀን።

ስለዚህ እናንተ ያላችሁት ገና መነሻው ላይ ነው። ስብሰባ ጽሑፍ አይደለም። ይሁን እንጂ መስመሩ ትንሽ እንዲገፋ፣ መሻገሪያ እንዲሠራ፣ ቁራሿ አብራ እንድትወሰድ የሚጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥያቄውም በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ዲዛይኑ ጸድቆ ተቋራጩ ከገባ በኋላ «ወደዚያ ጠጋ አድርጉልን» የሚል ሰሚ አያገኝም።

ቅሬታ ካላችሁ ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል፣ በዚያ ካልረካችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። እነዚህን ቀኖች ማሳለፍ ጉዳዩን ራሱን እንደ መተው ነው። ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ፊርማና ኮፒ ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የካሳ ክፍያን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሯል። መንገዱ የፌዴራል ቢሆንም «ገንዘቡ መቼ ይለቀቃል» ብላችሁ የምትጠይቁት ወረዳንና ዞንን ነው። አዲስ አበባ ድረስ መመላለሱ የትራንስፖርት ገንዘብ መጨረስ ነው።

ግምት_ባለሙያ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ግን የምለው፣ የካሳው መጠን የሚወሰነው ቆጣሪዎቹ የንብረት ቆጠራ ቅጹን በሚሞሉባት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው፤ ቅጹ ላይ ያልገባ ነገር በየትኛውም ጉባኤ አይወለድም።

ካሳው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የንብረት ካሳ ነው፦ ቤት፣ አጥር፣ ዛፍ፣ በመሬቱ ላይ የተደረገ ቋሚ ማሻሻያ። ሁለተኛው የልማት ተነሺ ካሳ፣ ማለትም ከመሬቱ ይገኝ ለነበረው ገቢ የሚከፈለው ነው። መሬቱ ለዘለቄታው ተወስዶ ተመጣጣኝ ምትክ ካልተሰጠ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠ ግን የሚከፈለው የዚያው የአንድ ዓመት ከፍተኛ ገቢ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ዋጋዎቹ ለማሳያ ያህል ናቸው። መንገዱ 30 ሜትር ስፋት ወስዶ በእርሻችሁ ላይ 110 ሜትር ቢሄድ 3,300 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 0.33 ሄክታር ይሆናል። ስንዴ በሄክታር 30 ኩንታል ቢሰጥ 9.9 ኩንታል ነው፤ ኩንታሉ 5,000 ብር ቢሆን 49,500 ብር፣ በ15 ሲባዛ 742,500። አሁን ያንኑ መሬት ጤፍ በተዘራበት ዓመት እዩት፤ በሄክታር 15 ኩንታል ቢሰጥ 4.95 ኩንታል፣ በ12,000 ብር 59,400፣ በ15 ሲባዛ 891,000። ልዩነቱ 148,500 ብር ነው። ሕጉ «ከፍተኛው» ስላለ የጤፉ ዓመት ነው መያዝ ያለበት። ቆጣሪው ግን መሬቱ ላይ ዛሬ የቆመውን ሰብል አይቶ «ስንዴ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የሦስቱን ዓመት ሰብል በዓመተ ምሕረት ለይታችሁ ተናገሩ፣ ሲጽፍም እዩ።

የሄክታር ምርቱ ሌላው ገንዘብ የሚያፈስ ቀዳዳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የወረዳው አማካይ ነው፤ አማካዩ ደግሞ ጭንጫውንም መረሬውንም አንድ ላይ የጨፈለቀ ነው። ስንዴው በ30 ፈንታ በ24 ኩንታል ቢያዝ 742,500 የነበረው 594,000 ይሆናል። መከላከያው ወረቀት ነው፦ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ደረሰኝ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሸጣችሁበት ሰነድ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የያዘው መዝገብ፣ የመሬት መጠቀሚያና የግብርና ገቢ ግብር ደረሰኝ። ዋጋውም የመቼ እንደሆነ ጠይቁ። ከዓመት በፊት የተጠና የነጠላ ዋጋ ዛሬ ገበያ ላይ የለም።

ጭዱንም አትርሱ። ገለባው እንደ ተረፈ ምርት በቅጹ ይግባልን በሉ። ለጅሩ ሰው ጭድ ገቢ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ሰንጋው በምን ይደልባል ታዲያ? ከላይ በምሳሌው ጭዱ በዓመት 8,000 ብር ቢገመት እንኳ በ15 ሲባዛ 120,000 ብር ነው።

ይህን የምታነቡ የጣርማበር፣ የመንዝና የአንኮበር ሰዎች ደግሞ የዓመት ገቢ ማለት የመኸሩ ብቻ አይደለም። በበልግ ገብስ የሚያበቅል መሬት ሁለቱም ይደመሩለታል። ቆጠራው በመኸር ከሆነ በልጉን አንስቶ የሚጠይቅ ካልተገኘ ተረስቶ ይቀራል።

ወደ ባሕር ዛፉ እንምጣ። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ከሆነ ከአንድ ጉቶ ሦስት አራት ግንድ ይወጣል። ጉቶ ከተቆጠረና ግንድ ከተቆጠረ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። በመጠን ተለይቶ ይቆጠር፤ ማገር የደረሰው ለብቻ፣ ወራጅ የሆነው ለብቻ፣ ቋሚ የሆነው ለብቻ። ሁሉንም «ባሕር ዛፍ፣ 400» ብሎ በአንድ መስመር የጻፈ ቅጽ አትፈርሙ፤ ዋጋው በዝቅተኛው ሊያዝ ይችላል። ከቆጠራው በፊት ራሳችሁ በየመጠኑ ቀለም ቀብታችሁ ብትቆጥሩ የቆጣሪውም ሥራ ይቀላል፣ ንትርክም አይኖርም።

ቤቱ የሚገመተው እንደ አዲስ ለመሥራት ዛሬ በሚጠይቀው ወጪ ነው። «አሮጌ ነውና እንቀንስ» የሚባል ነገር የለም። የእኛ አገር የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የወለሉን ካሬ ብቻ መለካት ይበድለዋል፤ የግድግዳው ውፍረት፣ ቁመት፣ መሠረቱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮና እንጨት ይጻፍ። ማድ ቤቱና በረቱ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ካቡ በሜትር ርዝመት ብቻ ሳይሆን በኪዩብ ይለካ፦ 40 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ከፍታ፣ 0.6 ሜትር ውፍረት ያለው አጥር 28.8 ሜትር ኩብ ድንጋይ ነው። እርከንና የውኃ መውረጃ ቦይ ካለ ቋሚ ማሻሻያ ነውና የወጣበት ጉልበትና ቁሳቁስ ይገመታል። የቤተሰብ መቃብር በመስመሩ ውስጥ ካለም የማንሻው፣ የማዛወሪያውና የሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ወጪ ይከፈላል።

አሁን ችካል ስላያችሁ ችግኝ ለመትከል ወይም ዳስ ለመጣል የሚመክራችሁ ዘመድ አይጠፋም። ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ ለተተከለና ለተሠራ ነገር ካሳ የለም። ከዚያ በላይ ጉዳቱ፣ አንድ የሐሰት ነገር ያገኘ ቆጣሪ እውነተኛውንም በጥርጣሬ ማየቱ ነው።

ቀያሽ_ዘደብረብርሃን

ስለ ገንዘቡ በቂ ተብሏል፤ ስለ ልኬቱ ልናገር፤ ሁሉም የሚባዛው በእሱ ነውና።

ችካል ሁሉ አንድ አይደለም። የመሐል መስመር ችካል አለ፣ የመንገድ ክልሉን ጠርዝ የሚያሳይ አለ፣ ለከፍታ መነሻ ብቻ የተተከለም አለ። ችካሉ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሱ፤ «12+340» የሚል ከሆነ ከመነሻው 12 ኪሎ ሜትር ከ340 ሜትር ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አቤቱታችሁን ሁሉ በዚህ ቁጥር ጻፉ። «ከእገሌ ዋርካ በታች» የሚል አቤቱታ ቢሮ ውስጥ የት ቦታ እንደሆነ የሚያውቀው የለም።

ስፋቱን በአስፋልቱ አትለኩ። መንገዱ በሙሌት ከፍ በሚልበት ቦታ እግሩ ይሰፋል፦ ሙሌቱ 4 ሜትር ከፍታ ኖሮት ተዳፋቱ አንድ ለሁለት ከሆነ በየጎኑ 8 ሜትር ይጨምራል። በቆረጣ ቦታም እንደዚያው። የእናንተ አፈር መረሬ ስለሆነ ሌላም ነገር አለ፤ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር ለመንገድ አይሆንም፣ ተቆፍሮ ወጥቶ በሌላ ይተካል። የወጣው ጥቁር አፈር የት ይጣላል? ቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ይከመራል፤ እዚያ የተከመረው መሬት ደግሞ በቅጹ አልገባም።

ልኬቱን በእጅ መያዣ ጂፒኤስ ብቻ ሲሠሩ ካያችሁ ሜትር ይዘው እንዲያረጋግጡ ጠይቁ። መሣሪያው ከ3 እስከ 5 ሜትር መሳት ለእሱ ልማዱ ነው። 30 ሜትር ስፋት ላይ 4 ሜትር ሲስት ከመቶ 13 ያህል ማለት ነው፤ ከላይ በተሠራው ምሳሌ መቶ ሺህ ብር ገደማ ይነካል። ሌላው ስሕተት፣ ካርታችሁ በአዲንዳን ዴተም (በድሮው የካርታ ልኬት መነሻ) ተሠርቶ መሣሪያው በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ) ላይ ከሆነ ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። እርሻችሁ በካርታ ላይ የጎረቤት ሆኖ ካያችሁ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደብተሩ ላይ ያለውን ስፋት ከተወሰደውና ከቀረው ድምር ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ አስተካክሉ ወይም ልዩነቱን በቅጹ ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ።

ስለ ሦስት ማዕዘኗ ቁራሽ፦ ጥንድ በሬ መዞሪያ የማያገኝባት፣ ወይም መንገዱ ከዋናው እርሻ ለይቷት መሻገሪያ የሌላት ከሆነ አገልግሎት አትሰጥም። አብራ ትወሰድልን ብላችሁ ከቆጠራው በፊት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ጎኖቿን ለክታችሁ፣ ጠባቧ ጫፍ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠቅሳችሁ። «ትንሽ ናት» የሚል ቃል ማንንም አያሳምንም።

የሞረት_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ብዙ ነገር ነው ያገኘነው። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ምትክ መሬት ቢሰጡን ይሻላል ወይስ ገንዘቡን? ሌላው፣ ተቋራጩ ከላይኛው ጎን ለማሽን ማቆሚያና ለአፈር ማውጫ የሚሆን ቦታ «ለጊዜው» እንድንሰጠው በቃል ጠይቋል። የአባታችን ስም ደብተሩ ላይ መኖሩስ ያስቸግራል?

ግምት_ባለሙያ

በእኔ ግምት ተመጣጣኝ ምትክ በእውነት ካለ ምትኩ ይሻላል። 15 ዓመት የሚባለው በዛሬ ዋጋ የተሰላ ነው፤ የእህል ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ገንዘቡ ባንክ ቁጭ ብሎ ይሟሟል።

ሕግ_አዋቂ

እዚህ ላይ እለያለሁ። ችግሩ «ተመጣጣኝ» የሚባለው ነው። በሞረትና ጅሩ ትርፍ መሬት የት አለ? ብዙ ጊዜ የሚገኘው የወል ግጦሽ ወይም ተዳፋት ነው፤ የወል ግጦሽ ከሆነ ደግሞ ከአካባቢው ሰው ጋር ጠብ ይዞ ይመጣል። ምትኩን ሄዳችሁ እዩ፣ አፈሩን ቆፍሩ፣ ርቀቱንና ውኃውን ተመልከቱ፣ የማን እንደነበረ ጎረቤት ጠይቁ። መረሬ ተወስዶ ጭንጫ ከተሰጠ ተመጣጣኝ አይደለምና በ15ቱ ስሌት ይከፈለን የማለት መብት አላችሁ። አንዴ ምትኩን ፈርማችሁ ከተቀበላችሁ ግን የአንድ ዓመቱን ብቻ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

የአባታችሁ ነገር ያስቸግራል፣ ግን ይስተካከላል። ከወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፣ ይዘው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው እናታችሁ ድርሻቸውንና የውርሱን ድርሻ በደብተሩ ያስተካክሉ። ይህ ሳያልቅ ክፍያ ከደረሰ ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወንድማማች ከተካሰሰማ ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። አሁኑኑ ጀምሩ። መሬቱን በእኩል የሚያርስ ሰው ካለም የቆመው ሰብል ላይ ድርሻ አለውና ውሉን በጽሑፍ አድርጉት።

ቀያሽ_ዘደብረብርሃን

«ለጊዜው» ስለተባለው ቦታ፦ በቃል አትስጡ። ጊዜያዊም ቢሆን ካሳ አለው፤ የዓመት ገቢው መሬቱ እስኪመለስ ባለው ዓመት ይባዛል። ውሉ ላይ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ከዘገየ በየዓመቱ የሚጨመረው ክፍያ ይጻፍ። ዋናው ግን አፈሩ ነው። የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለብቻው ተገፍፎ ለብቻው ይከመር፣ በጉድጓዱ አፈር አይቀላቀል፣ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ይነጠፍ። ገልባጭ መኪና የተመላለሰበት መረሬ ድንጋይ ሆኖ ይጠቀጠቃልና በትራክተር በጥልቀት ይታረስ የሚል መስመር ጨምሩ። ተቋራጩ ቦታውን ሲያስረክብ ወረዳውና አማካሪ መሐንዲሱ በተገኙበት ይሁን፤ ተቋራጩ ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ የምትከሱት ሰው የለም።

ሌላ ማንም ያልጠየቀው ነገር ልጨምር፤ የውኃ ማፋሰሻው። መንገዱ ከላይ በኩል ያለውን ጎርፍ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ወደ ታች ይለቀዋል። ቱቦው አፉን ወደ እናንተ ቁራሽ ካዞረ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሠራል፤ መረሬ ደግሞ ሲቦረቦር አይቻልም። ዲዛይኑ ላይ ቱቦ ወይም ድልድይ የት የት እንደሚውል በኪሎ ሜትር ቁጥሩ ጠይቁ፣ መውጫው እስከ ወንዙ ድረስ በድንጋይ ተነጥፎ እንዲወርድ በዚያው በማመልከቻው ላይ ጻፉ። ግንባታው ሲጀመርም በየሳምንቱ ሄዳችሁ እዩ፤ የቱቦው ቦታ ከዲዛይኑ ወዲህ ወዲያ የሚለው ሜዳ ላይ ነው፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የሚነቅለው የለም።